አሜባና ግጦሹ፦ ከጂዛን ዋዲ እስከ ጣሪያ ሮቶ

ከሳውዲ አረቢያዋ ጂዛን ከተማ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋው ሜዳ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ይከርማል። ቲሃማ የሚባለው ይህ የቀይ ባሕር ዳር ቆላ ብዙውን ውሃ የሚያገኘው ከራሱ ሰማይ ሳይሆን ከፋይፋና ከበኒ ማሊክ ተራሮች ነው። ተራራው ላይ ዝናብ ሲጥል፣ ሜዳው ላይ ፀሐይዋ እንደከረረች፣ ደራሽ ውሃ ዋዲ በሚሉት ደረቅ ወንዝ ይመጣል። ገበሬው አስቀድሞ በከመረው የአፈር እርከን ጎርፉን ጠልፎ የማሽላ እርሻው ላይ ያስተኛዋል። ከራያ ቆቦ ተነሥቶ ጂዛን የደረሰ ሰው ይህን ሲያይ አስረጂ አይፈልግም፤ በአገሩ ጠለፋ የሚባለው ሥራ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዋዲ ጂዛን ላይ ትልቅ ግድብ ተሠርቷል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ የቲሃማ ገበሬ ዓይን ግን ዛሬም ከተራራው ላይ አይነሣም።

ጎርፉ ከተኛ በኋላ አፈሩ ይሸታል። ያ ሽታ ልጅነትን፣ ክረምትን፣ የአገር ቤት ደጃፍን የሚያስታውስ ነው፤ የሚሠራው ግን በአፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ከነቃ ደግሞ የሚበላውም ይነቃል። ለወራት በድርብ ቅርፊት ተጠቅልሎ፣ ከአሸዋ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ የከረመው አሜባ እርጥበቱ ሲነካው ቅርፊቱን ይበሳና ሾልኮ ይወጣል። ርቦታል። በዙሪያው ያለው የባክቴሪያ መንጋ ግጦሹ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ «አሜባ» ሲባል ትዝ የሚለው ግን ይህ አይደለም። አሜባ ለእርሱ የሆድ ቁርጠት ነው፤ የክሊኒክ ወረፋ፣ ላብራቶሪው መስኮት ላይ የሚቀመጠው ትንሽ ብልቃጥ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው «ሲስት» ወይም «ትሮፎዞይት»፣ በመጨረሻም ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል። ቃሉ ከጃርዲያ ጋር ተጎዳኝቶ የቤተሰብ ቃል ሆኗል። ሰው አገር ቀይሮ ጂዛን ወይም ሪያድ ሲገባም ሆዱን ባመመው ቁጥር አብሮት ይመጣል።

ይህ ስያሜ በአንድ በኩል ትክክል ነው። ኤንታሜባ ሂስቶሊቲካ የምትባለው ዝርያ የአንጀትን ግድግዳ ቦርቡራ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ታስከትላለች፤ አንዳንዴም ጉበት ላይ መግል ታቋጥራለች። በሌላ በኩል ግን አንዷ ክፉ ዘመድ የጎሳውን ስም ሁሉ ወስዳለች። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከእርሷ ጋር የማይለይ፣ ነገር ግን ምንም ጉዳት የማያደርስ ኤንታሜባ ዲስፓር የሚባል ሌላ ዝርያ አለ። ፈረንሳዊው ኤሚል ብሩምፕት በ1925 ሁለቱ የተለያዩ ናቸው ብሎ ነበር፤ የሚያምነው ግን አላገኘም። ሁለቱ በይፋ የተለያዩት በ1993 ነው። ነገሩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ዓለማየሁ ከበደ፣ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስና የኔዘርላንድ ባልደረቦቻቸው በ2003 ባሳተሙት ጥናት በዎንጂና በአቃቂ ተቅማጥ ይዟቸው የመጡ ሕሙማንን መረመሩ። አሜባ አለባቸው የተባሉት ላይ በዘረመል ምርመራ ሂስቶሊቲካ አልተገኘችም። በማይክሮስኮፕ የታየው ሌላ ነበር፤ የሆድ ሕመሙም ሌላ ምክንያት ነበረው። ማይክሮስኮፕ ብቻ ይዞ የሚሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ሊለየው የማይችለውን ነገር እንዲለይ ሲጠየቅ ኖሯል፤ የእርሱ ጥፋት አይደለም።

ሁሉንም አሜባ የሚያገናኘው የሚያመጣው በሽታ ሳይሆን አበላሉ ነው።

አሜባ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። አፍ የለውም፣ ጥርስ የለውም፣ ቋሚ ቅርጽ የለውም። ሊሄድ ወደፈለገበት አቅጣጫ ገላውን እንደ ሊጥ ያፈሰዋል፤ የተዘረጋው ክፍል የሐሰት እግር ይባላል። በ1755 የጀርመኑ ሠዓሊና ተፈጥሮ መርማሪ አውጉስት ሮዝል ፎን ሮዘንሆፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አይቶ ሲሥለው መልኩን በሚለዋውጠው በጥንቱ የግሪክ የባሕር አምላክ ስም «ትንሹ ፕሮቴዎስ» ብሎታል። እንደ ቲሃማ ባለ አፈር የሚኖሩት የአካንታሜባ ወገኖች ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃምሳኛ ወይም አርባኛ የሚሆን ውፍረት አላቸው፤ ባክቴሪያው ደግሞ ከእነርሱ በአሥርና በሃያ እጅ ያንሳል። ስለዚህ አንዲት አሜባ ለሁለት እስክትከፈል ድረስ ባክቴሪያ በሺዎች እየቆጠረች መዋጥ አለባት።

አሜባ ባክቴሪያን አሽትታ ትከታተላለች ማለት ይቻላል። ዲክቲዮስቴሊየም በተባለችው የጫካ አፈር አሜባ ላይ በተደረገው ጥናት ባክቴሪያው የሚያፈሰው ፎሊክ አሲድ ዱካ ይሆናታል፤ ነፍሰ ጡር ሴት በኪኒን መልክ የምትወስደው ያው ቫይታሚን ነው። ስትደርስበት በሐሰት እግሯ ከግራም ከቀኝም ታቅፈዋለች፤ እቅፉ ሲገጥም ባክቴሪያው በትንሽ ከረጢት ተዘግቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ከረጢቱ ኮምጣጣ ይሆናል፣ የሚፈጭ ፈሳሽ ይፈስበታል። በሰው ደም ውስጥ ያሉት ትልልቅ ነጭ የደም ሕዋሶችም ጀርም ሲያገኙ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በ1882 ሩሲያዊው ኤሊ ሜችኒኮፍ በሲሲሊ ደሴት በመሲና የኮከብ ዓሣ ጫጩት ላይ እሾህ ወግቶ ሕዋሶች እሾሁን ሲከቡ ያየበት ቀን ለዚህ እውቀት መነሻ ሆኗል፤ በ1908 ኖቤል ተሸልሞበታል። አሜባና ነጭ የደም ሕዋስ አንድ ዓይነት ወጥመድ መጠቀማቸው ኋላ ለሚመጣው ታሪክ ቁልፍ ነው።

ግጦሹ ለአፈሩ ምን ይሠራል? የዚህ ጥያቄ መልስ አሜባን ከክሊኒክ አውጥቶ እርሻ ላይ የሚያቆመው ነው።

በ1920 በእንግሊዝ ሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ዋርድ ከትለርና ሌቲስ ክረምፕ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ዛሬም ሲያስቡት የሚያደክም ሥራ ጀመሩ። ከአንድ ማሳ አፈር እየዘገኑ፣ ዝናብ ቢሆን በረዶ ቢሆን፣ 365 ተከታታይ ቀናት ሳያቋርጡ በአፈሩ ውስጥ ያለውን አሜባና ባክቴሪያ ቆጠሩ። ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን ይወጣል፣ ይወርዳል። በአብዛኛው ግን አሜባው ሲበዛ ባክቴሪያው ያንሳል፣ አሜባው ሲያንስ ባክቴሪያው ያገግማል። ተኩላና ሚዳቋ፣ አንበሳና ሜዳ አህያ ላይ የሚታየው ሕግ በአንድ ጭብጥ አፈር ውስጥ በየዕለቱ ይፈጸም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ተክሉ ከዚህ ምን ያተርፋል የሚል ነበር። ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ሰብስቦ በገላው ውስጥ ይቆልፈዋል፤ ሥሩ አጠገብ ቢሆንም ተክሉ አያገኘውም። አሜባ ባክቴሪያውን ስትበላ ናይትሮጅኑ ከሚያስፈልጋት በላይ ይሆንባታል፤ ትርፉን በአሞኒያ መልክ ታወጣዋለች። ስዊድናዊቷ ማሪያን ክላርሆልም በ1985 ባሳተመችው ሥራ ስንዴን በሁለት ዓይነት አፈር አሳደገች፤ አንዱ ባክቴሪያ ብቻ ያለበት፣ ሌላው ባክቴሪያና በላተኞቹ ያሉበት። ከበላተኞቹ ጋር ያደገው ስንዴ ብዙ ናይትሮጅን ስቦ ተገኘ። ኋላ ደግሞ በጀርመን ሚካኤል ቦንኮውስኪና ባልደረቦቹ አሜባ ባለበት አፈር የተክል ሥር ቅርንጫፉ እንደሚበዛ አሳዩ። ከብት የበላውን ሣር በእበት መልክ ለማሳው እንደሚመልሰው ማለት ነው፤ የአገር ቤት ገበሬ በዓይኑ የሚያየው ነገር በሥሩ ጫፍ ላይም ይሠራል።

ጎርፍ ለተኛበት አፈር ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በጥድፊያ ይመጣል። ለዚህ ምስክሩ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ነው። በኬንያ ናይሮቢ አጠገብ በሙጉጋ የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ኤች ኤፍ በርች ደረቅ አፈር ሲርስ ምን እንደሚሆን ለካ። በ1958 ያሳተመው ውጤት ዛሬም በስሙ ይጠራል፦ አፈሩ ደርቆ ከርሞ ድንገት ሲርስ ከውስጡ የሚወጣው አየርና ለተክሉ የሚለቀቀው ናይትሮጅን በአንድ ጊዜ ያሻቅባል፤ ድርቀቱ በረዘመ ቁጥር ፍንዳታው ይበረታል። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው። በድርቀት የሞተው ሁሉ ምግብ ይሆናል፣ ባክቴሪያው በእርሱ ላይ ይበረክታል፣ አሜባው ተከትሎ ይግጣል። ከጎርፍ በኋላ የመጀመሪያው ማሽላ የሚያሳየው አረንጓዴነት ከደለሉ ብቻ የሚመጣ አይደለም።

ጎርፍ የሚያነቃው መልካሙን ብቻ አለመሆኑን ጂዛን በከባዱ ተምራለች። በመስከረም 2000 ከአፍሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ወረርሽኝ የተነሣው በጂዛንና ከድንበሩ ማዶ ባለው የየመን ቆላ ነው። በሽታውን ከሚያዛምቱት ትንኞች አንዳንዶቹ እንቁላላቸውን አፈር ላይ ጥለው ጎርፍ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። እንደ አሜባ ቅርፊት ሁሉ የእነርሱም እንቁላል ድርቀትን የሚያልፍበት መላ አለው።

ከቲሃማ ወጥቶ ወደ ፋይፋና ወደ አል-ዳዪር ተራሮች የወጣ ሰው ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ተራራው በድንጋይ እርከን ተደርድሯል፤ በእርከኑ ላይ ቡና ቆሟል። የኸውላኒ ቡና አተካከልና አዘገጃጀት በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የአረቢካ ቡና የተፈጥሮ አገሩ ግን ከባሕሩ ማዶ፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነው፤ ከዚያ ተሻግሮ የየመንን ተራራ ያዘ፣ ከየመንም እዚህ ደረሰ። የቡናው ሥር ዙሪያ፣ ድንጋዩ ባቆመው ስስ አፈር ውስጥ፣ ግጦሹ አለ። ጂዛን የደረሱ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹም በየመን ድንበር በኩል የተሻገሩ ናቸው።

ስደተኛው በኦቦክ ወይም በቦሳሶ ባሕሩን አቋርጦ፣ የመንን ከደቡብ እስከ ሰሜን በእግር ቆራርጦ፣ በሐራድ ወይም በሰዓዳ በኩል ወደ ጂዛን ድንበር ሲጠጋ በብዙ ቀን መንገድ ላይ ያገኘውን ጠጥቷል፦ የጉድጓድ ውሃ፣ የዋዲ ኩሬ፣ የጄሪካን ቅሪት። በ2016 መገባደጃ የመን ውስጥ የተነሣው ኮሌራ ደግሞ በሕሙማን ብዛት በዘመናችን ከታዩት ሁሉ የከፋው ሆነ፤ በ2017 ማብቂያ ተጠርጣሪ ሕሙማኑ ከአንድ ሚሊዮን፣ ሟቾቹ ከሁለት ሺህ አልፈው ነበር። ጦርነቱ የውሃ መሥመሩን፣ የፍሳሽ ማጣሪያውንና ሆስፒታሉን ባያፈርስ ኖሮ ይህ ሁሉ ሕዝብ ባላለቀ።

ታዲያ አሜባ ከኮሌራ ጋር ምን አገናኛት? አሜባ ሁሉንም የዋጠችውን አትፈጭም። የስቶክሆልም ተመራማሪዎች ሃዲ አብድ፣ አሚር ሰዒድ፣ ጉናር ሳንድስትሮምና ባልደረቦቻቸው በ2007 የኮሌራ ባክቴሪያ በአካንታሜባ ከተዋጠ በኋላ ሳይሞት ውስጧ እንደሚኖርና እንደሚራባ አሳዩ። በ2011 ደግሞ ሱዳን ውስጥ ኮሌራ በሚመላለስባቸው አካባቢዎች ከተቀዳ የተፈጥሮ ውሃ ሁለቱን፣ ባክቴሪያውንም አሜባዋንም፣ ከአንድ ናሙና አገኟቸው። ኋላ የመጡ ጥናቶች የተሸሸገበትን ክፍል ጭምር ለይተዋል፦ አሜባ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ እንዳትፈነዳ ትርፍ ውሃ እየቀዳች የምታስወጣበት ከረጢት አለ፤ የኮሌራው ባክቴሪያ እዚያ ገብቶ ይበረክታል። አዳኟ ራሷ ቤት ሆነችው። ለኮሌራ መነሻው የሰው ዓይነ ምድር የነካው ውሃ መሆኑን ይህ አይለውጠውም፤ ውሃን አፍልቶ ወይም አክሞ መጠጣት ዛሬም ያድናል። የሚያስረዳው ሌላ ነገር ነው፤ ሕመምተኛ በሌለበት ወቅት ባክቴሪያው በውሃው ውስጥ የሚሸሸግበት አንድ ስፍራ ይህ ነው።

ከአሜባ ማምለጥ የቻለ ባክቴሪያ ብዙ ነው። አንዳንዱ መራራ መርዝ ያበጃል፣ አንዳንዱ ተያይዞ ከእቅፏ የሚተልቅ ክምር ይሆናል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይዋጣል፣ ከውስጥም ያሸንፋል። ነጭ የደም ሕዋሳችን እንደ አሜባ በመዋጥ የሚገድል ስለሆነ፣ ከአሜባ ሆድ ማምለጥን ለዘመናት የተማረ ባክቴሪያ ሰው ሳንባ ውስጥ ሲገባ አዲስ ነገር አይገጥመውም።

የዚህ ዝነኛው ምሳሌ ሊጂዮኔላ ነው። በሐምሌ 1976 በአሜሪካ ፊላደልፊያ አንድ ሆቴል ውስጥ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ጉባኤ ተካሄደ። ከ200 በላይ ሰው በከባድ የሳንባ ምች ታመመ፣ 34 ሰው ሞተ። ምክንያቱ ለወራት አልታወቀም፤ በጥር 1977 ጆሴፍ ማክዴድ ባክቴሪያውን ለየ። የት ይኖራል የሚለውን ግን የመለሰው እንግሊዛዊው ቲሞቲ ሮውቦታም ነው፤ በ1980 ሊጂዮኔላ በአፈርና በውሃ አሜባዎች ውስጥ እንደሚራባ አስታወቀ። ባክቴሪያው ሲዋጥ ከ300 በላይ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖችን በመርፌ እንደመውጋት ወደ አሜባዋ ገላ ይልካል፤ እነዚያ ፕሮቲኖች የመፍጫ ከረጢቱን ወደ መራቢያ ክፍል ይለውጡታል። ሲጠግብ አሜባዋን አፍርሶ ይወጣል።

ይህ ነገር በጂዛን የሚመጣው በጣሪያው በኩል ነው። በአገር ቤት ሮቶ፣ በዚያ ኸዛን የሚሉት የውሃ ታንከር በየቤቱ አናት ላይ ተቀምጧል። በሐምሌና በነሐሴ ቀዝቃዛ የሚባለው ቧንቧ ሲከፈት የሚወርደው ለብ ያለ አንዳንዴም የሚያቃጥል ውሃ ነው፤ ቤት ሠራተኛ የሆነች ሴት ልብስ ስታጥብ እጇ ያውቀዋል። ሊጂዮኔላ በ25 እና በ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይመቸዋል፤ ከ60 በላይ አይቆይም። በታንከሩ ግድግዳና ወለል ላይ የሚያዳልጠው ስስ ሽፋን የባክቴሪያ ምንጣፍ ነው፤ አሜባዎች ይግጡበታል፤ ሊጂዮኔላ ካለ ደግሞ በእነርሱ ውስጥ ይበዛል። በሽታው የሚይዘው ውሃውን በመጠጣት ሳይሆን በጉም መልክ ወደ ሳንባ በመሳብ ነው፤ ከሻወር፣ ከሆቴልና ከሆስፒታል ትልልቅ ማቀዝቀዣዎች።

ክሎሪን ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ግን ቅርፊት ውስጥ ያለውን አይደለም። በ1990 እንግሊዛውያኑ ኪልቪንግተንና ፕራይስ ሊጂዮኔላ የዋጠች አሜባ ቅርፊቷን ስትዘጋ ባክቴሪያውም ውስጧ ተዘግቶ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንደሚቋቋም አሳይተዋል። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ከፈቀደው ከፍተኛ መጠን አሥር እጥፍ ነው። ታንከሩን ክሎሪን ረጭቶ ዝም ማለት ስለዚህ አይበቃም፤ ባዶ አድርጎ፣ የሚያዳልጠውን በብሩሽ ፍቆ፣ ደለሉን አውጥቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ከፀሐይ መከለል ነው የሚያዋጣው። ያን ሥራ በገሃነም ሙቀት ታንከር ውስጥ ገብተው የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ስደተኞች ናቸው፤ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ የማግኘት መብታቸው ሊታሰብ ይገባል።

አካንታሜባ ዓይንንም ታጠቃለች። ለቁንጅና ተብሎ የሚደረገውን ባለ ቀለም የዓይን ሌንስ በቧንቧ ውሃ ማጠብ፣ ወይም ሌንስ እንዳደረጉ ሻወር መውሰድ፣ አሜባዋን ከዓይን ብሌን ሽፋን ጋር ያገናኛታል፤ ቁስሉ ያማል፣ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ ብርሃንም ሊያጠፋ ይችላል። ይህችን አሜባ በ1930 ለንደን ውስጥ በእርሾ ማሳደጊያ ሳህን ላይ ያገኛት አልዶ ካስቴላኒ ነው፤ ስሙም በዝርያዋ ላይ ቀርቷል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ስሙን ከሌላ ታሪክ ጋር ሊያውቀው ይችላል፤ ጣሊያን በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር የወራሪውን ሠራዊት የጤና አገልግሎት የመራው እርሱ ነበር።

ሙቅ ውሃ የምትወድ ሌላ አሜባም አለች። ኔግሌሪያ ፋውለሪ እስከ 46 ዲግሪ ትችላለች፤ ባክቴሪያ ጋጭ ናት፣ ሰውን አትፈልግም። ውሃ በአፍንጫ ሲገባ ግን በማሽተቻው ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ትዘልቃለች፤ በ1965 በአውስትራሊያ አደሌድ ማልኮልም ፋውለርና ሮድኒ ካርተር ያወቋት በዚህ ነው። በሽታው እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ነው፣ ከያዘ ግን የሚተርፈው ጥቂት ነው። በጂዛን በኹባና በበኒ ማሊክ አካባቢ ሰው ለፈውስ የሚሄድባቸው ፍል ውሃዎች አሉ፤ እንደ ኢትዮጵያ ፍልውሃ ሁሉ የሚወደዱ ናቸው። ለብ ባለ ፍል ውሃ ውስጥ ጭንቅላትን አለመዝፈቅና አፍንጫን መጠበቅ በየትም አገር የሚበጅ ጥንቃቄ ነው።

በአሜባና በባክቴሪያ መካከል ያለው ግን መብላትና ማምለጥ ብቻ አይደለም። በ1966 ክዋንግ ጂዮን የተባለ ኮሪያ ተወላጅ ተመራማሪ በአሜሪካ ቡፋሎ በቤተ ሙከራው የሚያሳድጋቸው ትልልቅ አሜባዎች በወረርሽኝ ሲያልቁበት አየ። እያንዳንዷ ውስጥ ከ60,000 እስከ 150,000 የሚደርሱ ዘንግ መሰል ባክቴሪያዎች ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ሳህኑን አጥቦ አዲስ ይጀምር ነበር። ጂዮን ግን ከሞት የተረፉትን ጥቂቶች ለይቶ፣ እየመገበ፣ ለዓመታት አሳደጋቸው። ቀስ በቀስ ጤና አገኙ፤ የባክቴሪያው ቁጥር ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአንዲቷን አስኳል አውጥቶ ባክቴሪያ ወደሌለባት አሜባ ሲያዛውር አሜባዋ ሞተች፤ ባክቴሪያዎቹን በመድኃኒት ሲገድልም አሜባዋ አብራ ሞተች። ገዳይ ሆኖ የገባው የማይለይ አካል ሆኖ ነበር። በእኛ ሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያም በጥንት ዘመን የተዋጠ ባክቴሪያ ዘር መሆኑ ይታወቃል፤ ጂዮን እንዲህ ያለው ነገር እንዴት እንደሚጀመር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አይቷል።

ዲክቲዮስቴሊየም ደግሞ ገበሬ ናት። ኬኔዝ ሬፐር በ1930ዎቹ ከሰሜን ካሮላይና ጫካ ያገኛት ይህች አሜባ ምግብ ሲያልቅባት ከሺዎች ጋር ተሰብስባ ግንድ ታቆማለች፣ ጫፉ ላይ ዘር መሰል ሕዋሶች ይዛ ነፋስ ወይም ነፍሳት እስኪወስዷት ትጠብቃለች። በ2011 ዴብራ ብሮክ፣ ጆአን ስትራስማንና ዴቪድ ክዌለር ከየጫካው ከሰበሰቧቸው ውስጥ ሲሶ ያህሉ ያገኙትን ባክቴሪያ ሁሉ አሟጠው እንደማይበሉ ደረሱበት። ጥቂት ያስቀራሉ፤ ከራሳቸው ዘር ጋር ቋጥረው ይሄዳሉ፤ አዲሱ ቦታ ላይ ዘርተው፣ አብቅለው ይበላሉ። ያረፉበት መሬት ምግብ ካለው ግን ቁጠባቸው ይጎዳቸዋል፤ ሁሉን በልተው የተነሡት ይበልጧቸዋል። ዘር ቋጥሮ መሰደድ የሚከፍለው የሚደረስበት አገር ባዶ የሆነ እንደሆነ ነው።

ክረምት ላይ በጂዛን ጠረፍ ገብራ የሚሉት የአቧራ ነፋስ ይነሣል። ቀን በጨለማ ይጋረዳል፣ ልብስ ከገመድ ላይ ይሰበሰባል፣ መስኮት ይዘጋል። በጎርፉ ጊዜ የነቁት የቲሃማ አሜባዎች እርጥበቱ ሲያልቅ ቅርፊታቸውን መልሰው ዘግተዋል፤ በቤተ ሙከራ እንደታየው የደረቀ የአካንታሜባ ቅርፊት ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ሊነቃ ይችላል። አንዳንዱ ቅርፊት ውስጥ ያልተፈጨ ባክቴሪያ አለ። ነፋሱ ከደረቀው ማሳ ላይ ያነሣቸዋል፤ በሳምጣና በአቡ አሪሽ ሰፈሮች ላይ አሻግሮ ክዳኑ ያልገጠመ ታንከር ሲያገኝ ለብ ካለው ውሃ ላይ ይጥላቸዋል። የቀሩት እርሻው ላይ ያርፋሉ፣ ተራራው ላይ ደመና እስኪቋጠር።